ሆዴ ጠበበ፤ ጾሜስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው። ከአምስት ወር በፊት ለውፍረት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አብዛኛው የጨጓራዬ ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። አሁን በአንድ ማዕድ የምችለው ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ሐኪሙም ከዚህ እንዳላልፍ፣ ውኃም ቀኑን ሙሉ ፉት እያልኩ እንድውል አዞኛል። ኅዳር 6 በቁስቋም ዕለት በማኅበራችን ዝክር ላይ የቀረበልኝን ስላልጨረስኩ «የእመቤታችንን ጸበል ጸዲቅ ናቀች» ተባልኩ። አፍሬ ጎረስኩ፤ ቤቴ ሳልደርስ አስመለሰኝ። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ 9 ሰዓት መቆየት አለብኝ? ወይስ እንዲህ ጥቂት እየበላሁ መኖሬ ራሱ ጾም ሆኖ ይቆጠርልኛል? ለንስሐ አባቴ ስለ ቀዶ ሕክምናው አልነገርኳቸውም። የፈጣሪን ሥራ ቆረጥሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የታኅሣሡ ዝክር ተረኛ እኔ ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን በሰላም ከሐኪም ቤት ተመለስሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ጾምሽን የሚያስተካክሉልሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ምንም አያውቁም። ትርፍ አንጀቱን ስላስወጣ የፈጣሪን ሥራ ቆረጥህ ተብሎ የተገሠጸ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ደፍረሽ ንገሪያቸው።

ጥቂት መብላትሽ ጾም ይሆናል ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀው ጊዜ ከምግብ መከልከሉ ነው ይላል። ተከልካዩ ሰውዬው ነው እንጂ ጨጓራው አይደለም። ሁለት ሲኒ የማይሞላ ጥብስ በዓርብ ብትበዪ፣ ትንሽ ስለሆነ ጾም አይባልም። እንደዚሁም በፋሲካ ማግስት ያንኑ ሁለት ሲኒ በልተሽ ብትነሺ አልጾምሽም፤ በልተሽ ጠግበሻል። መጠኑ የሰውነትሽ ልክ ነው። በኦሪት ዘጸአት 16 መናውን ሲለቅሙ ብዙ የለቀመ አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመም አልጎደለበትም። ያንቺ ጎሞር (የመናው መስፈሪያ) አሁን ሲኒ ሆኗል፤ በሱ አትፈሪ፣ አትመጻደቂበትም።

አሁን ወደ ጾመ ነቢያት። ጾማችን ሁለት ነገር አለው፦ የምንተወው ምግብና የምንቆይበት ሰዓት። ላንቺ የሁለቱ ክብደት እኩል አይደለም።

ሥጋውንና ወተቱን መተው ይቻላል፤ ግን ሒሳብ ይፈልጋል። እንዳንቺ ያለ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። ጤና ከሚያጠና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ተቀምጠን አሰላነው (መምህርነት ስንቱን ያስቆጥራል!)። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሲኒዎችሽን እንጀራ ሳይነካቸው በወፍራም ምስር ብቻ ብንሞላቸው በሦስት ማዕድ 40 ግራም ገደማ ላይ ቆምን። ስለዚህ ማዕዱን አምስት ማድረግ ወይም የአኩሪ አተር ዱቄት አጥሚትሽ ውስጥ መጨመር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ አኩሪ አተር ጾም ነው። ደግሞ ወጡን አስቀድሚ። እንጀራው ከቀደመ ቦታውን ይይዝና ምስሩ በር ላይ ይቀራል። አላምጠሽ፣ ቀስ ብለሽ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልበቃሽና ሐኪሙ እንቁላል ግድ ነው ካለ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ለንስሐ አባትሽ አሳዪ። የሐዋርያት ቀኖና የማይጾመውን ሲገሥጽ በሰውነት ድካም የተከለከለውን ለይቶ አውጥቶታል። ግን ፍቺው ከአባትሽ አፍ ይውጣ፤ በግምት መጾምም በግምት መፈሰክም ይቅርብሽ።

የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው፤ ከሰዓቱም ውኃው። እኛ እስከ 9 ሰዓት ቆይተን አንድ ጣሳ ውኃ ብንጨልጥ የቀረብንን እንተካለን። ያንቺ ጨጓራ ጣሳ አይችልም። የታዘዘልሽ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ከሆነ ፉት እያልሽ የምትጨርሺው ሙሉ ቀን ወስዶብሽ ነው። ከምግብ ጋርም አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ለምግቡም ለውኃውም አይበቃሽም። የሚከተለው ማዞር፣ ድርቀት፣ አልፎም የኩላሊት ጠጠር ነው። ስለዚህ በዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሰዓቱን በራስሽ አትቁረጪ። የንስሐ አባትሽ የተወሰነ ሰዓት ይሰጡሻል፣ ወይም ለጊዜው ሰዓቱን ትተሽ ምግቡን ብቻ እንድትጾሚ ያደርጉሻል። አክፍሎትን (በፋሲካ ዋዜማ ሳይበሉ መቆየትን) አስቢው፦ የቻለ ዓርብንና ቅዳሜን ያከፍላል፣ ያልቻለ ቅዳሜን ብቻ። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ በሽታ ውኃ ብቻ አትጠጣ፣ ጥቂት የወይን ጠጅ ጨምር አለው። (ይህን ጠቅሰሽ ጠላ እንዳትጀምሪ፤ እንዳንቺ ያለ ሆድ ውስጥ መጠጥ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።) ቫይታሚኑን በጾም ምክንያት አታቋርጪ። ስግደቱም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ በቆምሽበት አንገትሽን ዝቅ ብታደርጊ እግዚአብሔር ያያል።

ለቁርባን የሚጠበቀው 18 ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት በሚቀደስበት በሰንበት 3 ሰዓት ላይ ብትቆርቢ ከዋዜማው 9 ሰዓት ጀምሮ ነው ማለት ነው፤ ግማሹን ትተኚበታለሽ። በጾም ሰሞን ቀን ከሚቀደሰው ይልቅ ይህ ይቀልሻል። ያም ቢሆን ያለ ውኃ ነውና ለሐኪሙም ለንስሐ አባትሽም ሳትነግሪ አትሞክሪው።

ዝክሩ ላይ የተናገሩሽ እናቶች በክፋት አይመስለኝም። በኛ አገር ያላጎረሰ ያልወደደ ይመስለዋል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል እየተባለ ነው ያደግነው። «በሞቴ» የምትለው መሐላ ግን አትወደድልኝም። ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል፤ እኛ ደግሞ በአንድ ጉርሻ ሞታችንን እናስይዛለን። ጸበል ጸዲቁን መናቅ ማለት ለበረከት አለመቀመጥ ነው። አንቺ ተቀምጠሻል፣ ቀምሰሻል። የተረፈውንም ጌታ ራሱ አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ ሰብስቡ ነው ያለው፤ የተረፈበትን ሰው አልገሠጸም። እኔ በቆሎ ተማሪነቴ አኩፋዳዬ የሚሞላው ከየማዕዱ በተረፈው ቁራሽ ነበር። በጎንደር ዛሬም በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ አይጠፋም። እጅሽ ሳይነካው ቀንሰሽ አስቀምጪለት።

የታኅሣሡ ዝክር በጾም ስለሚውል ለድግሱ ብዙ አትጨነቂ። ምስሩም ሽሮውም ይቅረብ፣ እልበቱን ግን ራስሽ ምቺው፤ ለስላሳ ነው፣ ላንቺም ይሆናል። ለራስሽ ትንሽ ሳሕን ለይተሽ ከሁሉ ጋር ቁጭ በይ። የማኅበሩን ሙሴ (መሪውን) ቀድመሽ አግኚና «ሐኪም መጥኖልኛል» በያቸው፤ ከዚያ ያለፈውን ለማንም መዘርዘር የለብሽም። ማዕዱ ሲባረክ እሳቸው አንዴ ከተናገሩልሽ የሚያጎርስሽ እጅ ይሰበሰባል።