በአይጦች ማኅበራዊ ጭንቀት ጥናት ላይ ለመሰማራት ላሰበች የባዮሎጂ ምሩቅ

ውድ እህቴ፣

ማኅበራዊ ጭንቀት በአይጦች ባህርይና እንቅስቃሴ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በሚያጠና የጀርመን ቤተ ሙከራ ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክቺ እንደሆነ፣ ነገር ግን ለቃለ መጠይቁ ምን መዘጋጀት እንዳለብሽና የእንስሳቱን መጨነቅ ማየት ይከብድሽ እንደሆነ እርግጠኛ እንዳልሆንሽ ጽፈሽልኛል።

ከመወሰንሽ በፊት የሙከራውን አሠራር በዝርዝር እወቂ። በመስኩ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ተደጋጋሚ ማኅበራዊ ሽንፈት ይባላል። ሲ57 ብላክ 6 ከሚባለው ዝርያ የሆነ ወንድ አይጥ፣ ጠበኛነቱ አስቀድሞ ተፈትኖ ወደተመረጠ፣ በአካል ወደሚበልጠው ሲዲ1 የተባለ ወንድ አይጥ ሳጥን ይገባና ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ያህል ይጠቃል፤ ከዚያም ቀዳዳ ባለው የሚያሳይ መከፋፈያ ተለይተው፣ ሳይነካኩ እየተያዩና እየተሸታተቱ እስከ ማግስቱ ይቆያሉ። ይህ ለ10 ቀናት፣ በየቀኑ ከአዲስ ጠበኛ ጋር ይደገማል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሴል በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዘር አንድ ዓይነት ከሆኑት ከእነዚህ አይጦች መካከል አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ሌላ አይጥ ከመቅረብ ሲሸሹ፣ ሌሎቹ ግን እንደ ቀድሞው ይቀርባሉ። የመስኩ ትልቅ ጥያቄ ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው፤ እኔንም እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

በቃለ መጠይቁ ላይ የሚለይሽ ግን ዘዴውን በቃል መያዝሽ ሳይሆን፣ የአንድን አይጥ አለመንቀሳቀስ ለመተርጎም አለመቸኮልሽ ነው። ከጥግ ያልወጣ አይጥ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቆስሎም ሊሆን ይችላል፤ አይጥ የሌሊት እንስሳ በመሆኑም የተፈተነው በዕረፍት ሰዓቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላውን አይጥ ለመቅረብ ያለው ፍላጎት ሲለካ፣ ሌላው አይጥ በሌለበት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰም አብሮ መታየት አለበት። አያያዙም ውጤቱን ይለውጣል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅራታቸው የሚነሡ አይጦች፣ በቱቦ ወይም በእፍኝ ከሚነሡት ይበልጥ እንደሚጨነቁ አሳይቷል።

ይህን እጅሽ እንዲለምደው ጀርመን እስክትደርሺ አትጠብቂ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፋርማኮሎጂ ክፍሎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ለመፈተሽ ስዊስ አልቢኖ የተባሉ ነጭ አይጦችን ይጠቀማሉና፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ለጥቂት ሳምንታት ከሚንከባከቧቸው ባለሙያዎች ጋር ሥሪ። ጎን ለጎንም ስታቲስቲክስና አር የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፤ የእንቅስቃሴ ቀረጻው መረጃ ብዙ ነውና።

ስለ ኀዘንሽ የጻፍሽው እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም። ቁስሉን ቀድማ አይታ ጠቡን የምታስቆም ተመራማሪ ለእንስሳውም ለመረጃውም ታስፈልጋለች። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለ ሥራ ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃል፤ አንቺም ጠቡ በምን ምልክት እንደሚቋረጥና ውሳኔው የማን እንደሆነ ያለ ፍርሃት ጠይቂያቸው። በግልጽ የማይመልሱልሽ ከሆነ ሌላ ቤተ ሙከራ ፈልጊ። ሞክረሽ ካልቻልሽም፣ የተቀረጸውን ቪዲዮ የሚተነትኑ ባለሙያዎች በእነዚሁ ቡድኖች ውስጥ አሉና፣ በዚያ በኩል ማመልከት ትችያለሽ።