ታምቡሩ ጤነኛ፣ መስማቱ ደካማ

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲጠሯት ቶሎ አትዞርም። ጆሮዋ መግል ወጥቶት አያውቅም። ሐኪሙ ታምቡሩ ደህና ነው፣ ኩክም ፈሳሽም የለም አለን። በመስማት ምርመራው ሁለቱም ጆሮዎቿ በአየር 55፣ በአጥንት 10 ዴሲቤል ሆነ። «የጆሮ አጥንቶቿ ሲፈጠሩ ጀምሮ ችግር ሳይኖርባቸው አይቀርም» ተባልን። እየባሰባት ይሄድ ይሆን? አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት?

መልስ፦ የላኩልን ቁጥሮች የምትሰማው ትንሹ ድምፅ ልክ ናቸው፤ ሲያንሱ ይሻላል። ከእነሱ በአጥንት 10 የሚለው መልካም ዜና ነው። የውስጠኛው ጆሮዋና የመስማት ነርቯ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው፤ የ45 ዴሲቤሉ ልዩነት መንገድ ላይ የቀረ ድምፅ ነው። ሐኪሙ ቱኒንግ ፎርክ (ሲመቱት የሚጮኽ ባለ ሁለት ጣት ብረት) አስጩኾ ከጆሮዋ ፊት ሲይዘው ብዙም አትሰማውም፤ እግሩን ከጆሮዋ ኋላ አጥንቱ ላይ ሲያሳርፈው ግን ጥርት ብሎ ይሰማታል።

ከታምቡር ወደ ውስጥ ድምፅ የሚያሻግሩት መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉት ሦስት አጥንቶች ናቸው። እርካብ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዴ መርገጫው (የእርካቡ ግርጌ) ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከሚያስገባው መስኮት ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይፈጠራል፤ አንዳንዴ የመስፍ ረጅሙ እግር አጥሮ ወይም ጠፍቶ እርካብ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱም ከታምቡሩ ጀርባ ስለሆኑ በጆሮ መብራት አይታዩም።

እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። መስማቷ እየቀነሰ ከሄደ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ቀዶ ሕክምናው አያስቸኩልም። አስቀድሞ በቀጫጭኑ የሚያነሣ የጆሮ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ የፊት ነርቭ በመስኮቱ ላይ አልፎ ከሆነ፣ ወይም የውስጠኛው ጆሮ ቦይ ከልክ በላይ ሰፍቶ ከሆነ አደጋ አለው። ቦዩ ሰፍቶ ሳለ መርገጫው ቢበሳ ፈሳሽ ገንፍሎ ጆሮውን ፈጽሞ ሊያደነቁረው ይችላል። ደግሞ ስካኑ «ደህና ነው» ቢልም አይደነቁ፤ የተጣበቀ መርገጫ ብዙ ጊዜ በምስል አይለይም፣ እርግጡ የሚታወቀው ጆሮው ሲከፈት ነው። እርካቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የተቋረጠውን ማገናኘት ይቀላል። ከተጣበቀ ግን በሰው ሠራሽ መተካቱ ጥቂት ቢሆንም የመደንቆር ስጋት ስላለው፣ ልጅቷ እስክታድግ መጠበቅን እንመርጣለን። ሁለቱ ጆሮዎች ባንድ ቀን አይነኩም፤ የባሰው ይቀድማል።

የማይጠብቀው የመስሚያ መሣሪያው ነው። ውስጠኛው ጆሮ ጤነኛ ሲሆን ድምፅ ማጉላት ብቻ ስለሚበቃ ከማንም ይልቅ የሚጠቀሙበት እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው። ከጆሮ ኋላ የሚደረገው ይበቃታል፤ ካልተመቻት በራስ ማሰሪያ የሚያዝ፣ ድምፁን በአጥንት የሚያስተላልፍ አለ።

ከጆሮዋ ፊት ወይም አንገቷ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ካስተዋሉ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ፣ የጆሮና የኩላሊት ችግር አንዳንዴ አብረው ስለሚፈጠሩ ኩላሊቷም በአልትራሳውንድ መታየት ሊያስፈልገው ይችላል።