ቁርሱን ይረሳል፣ ዘፈኑን ግን አልረሳም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ከስምንት ወር በፊት በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎድቶ 12 ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። አሁን ይሄዳል፣ ያወራል። ግን ቁርስ መብላቱን እንኳ ይረሳል። የሚገርመው የድሮ ዘፈኖችን ሳይሳሳት ይጫወታል። አዲስ ዜማ ግን እምቢ አለው። ካልቀሰቀስነው ከአልጋ አይወርድም፣ በትንሹም ይቆጣል። ዘመዶች «ሙዚቃው ጭንቅላቱን ያደክመዋል፣ ኪቦርዱን ደብቁት» ይሉናል። ወደ መድረክስ ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ ኪቦርዱን አይደብቁት።

ጠዋት ምን እንደበላን የምናስታውስበትና ጣታችን የለመደውን የሚይዝበት የአንጎል ክፍል አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በከባድ የጭንቅላት አደጋ በቀላሉ ይጎዳል። የእጅ ልምድ በሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ክላይቭ ዌሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1985 ቫይረስ አንጎሉን ካጠቃው በኋላ ከአፍታ በፊት የሆነውን ይረሳ ጀመር። ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግን ይጫወት ነበር። የእሱ ሕመም ከወንድምዎ ይለያል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

አዲስ ዜማም ይማራል፣ አካሄዱ ይለወጥ እንጂ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያንኑ ዜማ፣ መጀመሪያ ቀኝ እጁን ብቻ። ሲጠፋው «እስቲ ገምት» አይበሉት። ትክክለኛውን ቁልፍ ወዲያው ያሳዩት። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው መሳሳቱን ይረሳል፤ ጣቱ ግን ስህተቱን ይለምደዋል። አሥር ደቂቃ ለጊዜው ይበቃል። ግንባሩን እንደ ማሸት ያለ የድካም ምልክት ካሳየ ያቁሙ፣ ቁጣው ብዙ ጊዜ ከድካም በኋላ ነው የሚመጣው። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲመጣበት አንጎሉ መለየት ይከብደዋል።

አልጋ ላይ መዋሉን «ስንፍና» ያለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ፍላጎቱ እያለ መጀመር ያቅታል። አንድ ታካሚዬ ጊታሩን ታቅፎ ለረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። እህቱ አንዷን ክር ነካ ስታደርግለት ቀሪውን እሱ ይጨርሰዋል። እናንተም የመጀመሪያውን ኖታ ንኩለት። ግን መተኛቱ ከተስፋ መቁረጥ ጋር ከሆነ፣ በተለይ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

መድረኩ ይቆይ። ከእንዲህ ያለ የጭንቅላት አደጋ በኋላ ሌሊት ማምሸትና እንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ መጠጥማ ጭራሽ አይሞከርም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዞለት ከሆነ «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሁለት ዘፈን ይሞክር፤ መላው ባንድ በኋላ ይደርሳል። እንደ በፊቱ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከዚያም እየዘገየ ለዓመታት ይቀጥላል። በስምንት ወር «በቃ፣ አበቃለት» የሚል ሐኪም ቸኩሏል።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካዩ ግን ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ዛሬ ሲለማመድ በስልክዎ ይቅረጹት፣ ከአንድ ወር በኋላም ይድገሙት። ሁለቱን ይዘው ለቀጠሮው ይሂዱ። እሱ ራሱም ይየው፤ መሻሻሉን ስለማያስታውስ «ምንም ለውጥ የለኝም» ማለቱ አይቀርም።