ስለ ትክትክ ክትባት ጠይቁኝ፦ በተለይ ጤና ተቋም ለምትሠሩ

የጤና ሠራተኞች ክትባት ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ልጅ ሆኜ ተከትቤያለሁ። አሁን ደግሞ ለምን?

መከላከያው ዕድሜ ልክ አይዘልቅም። ከዓመታት በኋላ ይዳከማል። ታሞ የዳነ ሰውም እንደገና ሊይዘው ይችላል። የአዋቂው ክትባት መጠኑ ቀነስ ያለ ነው፤ ከመንጋጋ ቆልፍና ከዲፍቴሪያ ጋር በአንድ መርፌ ይሰጣል።

አዋቂን ያን ያህል አይጎዳም ይባላል። ታዲያ ምን ያስጨንቃል?

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔን የሚያስጨንቀኝ እናንተ አይደላችሁም፤ የምታክሙት ጨቅላ ነው። የሕፃናት ክትባት የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። ከዚያ በፊት እናቱ በእርግዝናዋ ካልተከተበች ሕፃኑ ባዶ እጁን ነው። ደግሞ ጨቅላ ላይስል ይችላል። ትንፋሹ ቆም ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። አዋቂው ግን የመጀመሪያዎቹን ከ1 እስከ 2 ሳምንታት ተራ ጉንፋን ነው የሚመስለው፤ ንፍጥ፣ ቀላል ሳል። በሽታው በኃይል የሚተላለፈው ያኔ ነው! «ጉንፋን ናት» ብሎ ተረኛ የሚገባ ባለሙያ ከሁሉም በላይ ያሰጋኛል።

ከተከተብኩ ማስክ ይቅርብኝ?

አይቅር። ክትባቱ ሕመሙን በተለይም የከፋውን ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያውን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ለታማሚ ከተጋለጣችሁና ጨቅላ የምትንከባከቡ ከሆነ፣ ብትከተቡም መከላከያ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝላችሁ ይገባል። ብዙ ጊዜ አዚትሮማይሲን ነው። ከታመማችሁ ደግሞ መድኃኒት ጀምራችሁ 5 ቀን እስኪሞላ ሥራ አትግቡ። ሳትወስዱ ከቀራችሁ ሳሉ ከጀመረ 21 ቀን ነው።

መድኃኒቱን ጨርሼ አሁንም እስላለሁ። አልሠራም ማለት ነው?

አይደለም። አንቲባዮቲኩ ዘግይቶ ሲጀመር ማስተላለፉን እንጂ ሳሉን ብዙም አያስቆምም። ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነርስ ነኝ። ልከተብ?

አዎ፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ። የአሜሪካ መመሪያ በየእርግዝናው፣ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ይላል። የምታመርቺው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጅሽ ያልፋል።

የጎን ጉዳቱስ?

ክንድ ማመም፣ ድካም፣ ራስ ምታት። በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ይለቃል። ከዚህ በፊት ክትባት ከባድ አለርጂ ካስነሳባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ በሽተኛ አልነካም። ይመለከተኛል?

ይመለከትሃል። ትክትክ በሳልና በማስነጠስ ነው የሚተላለፈው። እናት ልጇን ታቅፋ መጀመሪያ የምታገኘው ደግሞ አንተን ነው። ጽዳትና ጥበቃ ላይ ያሉትንም ንገርልኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።