የጓዳ ጥያቄዎች፦ ከሥሩ ውሃ የሚያቁረው የፍራፍሬ ኮብለር

ስለ ፍራፍሬ ኮብለር አጋገር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። ስሙ አዲስ ለሚሆንባቸው አንባቢዎች፣ ኮብለር ከአሜሪካ የተገኘ ጣፋጭ ምግብ ሲሆን፣ በመጋገሪያ ዕቃ ውስጥ የተዘረጋ ፍራፍሬ ከለስላሳ ሊጥ ጋር በኦቨን ተጋግሮ ሞቅ እንዳለ ይበላል። እንደ ፓይ ሊጡን መዳመጥና በቅርጽ መቁረጥ ስለማይጠይቅ ለጀማሪ የሚመች ነው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የኮክ ኮብለር ሦስት ጊዜ ጋግሬ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ችግር ገጠመኝ። ላዩ ቀልቶ ያምራል፤ በማንኪያ ስከፍተው ግን የሊጡ ሥር ነጭና የሚያጣብቅ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ፍራፍሬውም በቀጭን ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል። የአዘገጃጀቱ ጽሑፍ የሚያዘውን 40 ደቂቃ ሳላጓድል ጠብቄያለሁ። በሊጡ ላይ ዱቄት ብጨምርበት ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ዱቄት አይጨምሩ፤ ሊጡ ይደርቅብዎታል እንጂ ችግሩ አይፈታም። ኮብለር የሚሰምረውም የሚበላሸውም በፍራፍሬው ጭማቂ እንደሆነ ከብዙ ጊዜ ልምድ አምኜበታለሁ፤ የእርስዎም ችግር ያለው እዚያው ነው።

የበሰለ ኮክ ከክብደቱ ከዐሥር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው። ስኳር ሲነሰነስበት ውሃውን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ የኦቨኑ ሙቀት ደግሞ የቀረውን ያወጣዋል። ሊጡን በቀዝቃዛ ፍራፍሬ ላይ ሲያስቀምጡት ላዩ ወዲያውኑ ትኩስ አየር ያገኛል፣ ሥሩ ግን በቀዝቃዛና በእርጥብ ነገር ላይ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ከላይ ቀልቶ የተዘጋጀ ሲመስል ከታች ገና መብሰል አልጀመረም ማለት ነው። እርስዎም ያወጡት በዚህ ሰዓት ይመስለኛል።

መፍትሔው የሚጀምረው ሊጡን ከማዘጋጀትዎ በፊት ነው። 1 ኪሎ ግራም ያህል የተላጠና የተከተፈ ኮክ ከ70 እስከ 100 ግራም ስኳርና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው ለ30 ደቂቃ ይተዉት። (ልጣጩ አልላቀቅ ካለዎ ከጫፉ በመስቀል ቅርጽ በስሱ ሰንጥቀው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነክረው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይለውጡት፤ በእጅ ይላቀቃል።) ከዚያም ፍራፍሬውን በወንፊት አጥልለው የወጣውን ጭማቂ በትንሽ ድስት በግማሽ እስኪቀንስ ያፍሉት። በዚህ መንገድ የሚተነውን ውሃ ከኦቨኑ በፊት ያስወግዳሉ፣ ጣዕሙ ግን አብሮ አይጠፋም። የፈላውን ጭማቂ ወደ ፍራፍሬው መልሰው ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይጨምሩበት። ስታርቹን በቀጥታ ትኩስ ጭማቂ ውስጥ ከጣሉት ይጓጉላል፤ ስለዚህ አስቀድመው በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡት።

ቀጥሎ ፍራፍሬውን ብቻውን በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ኦቨን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሙቁት። ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠሩ የሚያስቀምጡት ፍራፍሬው በደንብ ከጋለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከሥር የሚነሣው እንፋሎት የሊጡን ታች ማብሰል ይጀምራል፣ የኦቨኑ አየርም ላዩን ያበስላል፤ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ ማለት ይቻላል። ሊጡን በፍራፍሬው ላይ ሙሉ በሙሉ እንደ ክዳን አይዘርጉት። በቁንጥሮቹ መካከል የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ካልተዉ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወደ ጭማቂው ይመለሳል።

ስለ 40 ደቂቃው ልጨምርልዎት። የሰዓት ቁጥር ግምት ነው፤ የመጋገሪያ ዕቃው ጥልቀት፣ የፍራፍሬው ብስለትና የኦቨኑ ጠባይ ሁሉ ይለውጡታል። ከሰዓቱ ይልቅ የዕቃውን መሀል ይመልከቱ። መጀመሪያ በጠርዙ ዙሪያ ጥቃቅንና ፈጣን አረፋዎች ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ ጭማቂው ደብዘዝ ያለና እንደ ውሃ የቀጠነ ነው። በቆሎ ስታርች የማወፈር ኃይሉን ሙሉ በሙሉ የሚያሳየው ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ስለሆነ፣ ጠርዙ ቢንተከተክም መሀሉ ገና ቀጭን ሊሆን ይችላል። ቆየት ብሎ አረፋው ይተልቃል፣ ይዘገያል፤ ጭማቂው ጥርት ብሎ ማንጸባረቅ ይጀምራል፣ አረፋው ሲፈነዳም ቦታው ወዲያውኑ አይሞላም። ይህን በዕቃው መሀል ለጥቂት ደቂቃ ሲያዩት ጭማቂው ወፍሯል ማለት ነው። ላዩ ቀድሞ ከቀላ የአሉሚኒየም ወረቀት ሳያጠብቁ ጣል አድርገውበት ይቀጥሉ። ሊጡን ለማረጋገጥ መሀል ያለውን አንዱን ቁንጥር በማንኪያ ጫፍ ከጎኑ ገለጥ ያድርጉት፤ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ከታየ በስሏል፤ የሚያብረቀርቅና የሚሳብ ከሆነ ገና ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ካለዎት የሊጡ ውስጥ 93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ያውጡት።

ካወጡትም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይንኩት። ስታርቹ ጭማቂውን አጥብቆ የሚይዘው ሲበርድ ነው። በትጋት የተጋገረ ኮብለር ከኦቨን እንደወጣ ተቆርሶ ውሃ ሆነ ተብሎ ሲወቀስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ኖሮ ይወፍር ነበርና።

ጥያቄ፦ ሊጥ ማሸትም ሆነ ቅቤን ከዱቄት ጋር በጣት መፈርፈር አልሆነልኝም። ከዚህ የቀለለ መንገድ ካለ በመጠንና በቅደም ተከተል ቢነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ አለ፤ እኔም ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው እሱን ነው። ሊጡ የሚፈስ ስለሆነ ከመበጥበጥ በቀር ሥራ የለውም። ኦቨኑን በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያሙቁ። በአራቱም ጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር በሆነና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው የመጋገሪያ ዕቃ ውስጥ 85 ግራም የገበታ ቅቤ አድርገው፣ ኦቨኑ ውስጥ ከተው ያቅልጡት፤ እንዳያርር ዓይንዎን አይንቀሉበት። በጎድጓዳ ሳህን 125 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዋህዱ። 240 ሚሊ ሊትር ወተት ጨምረው ዱቄቱ እስኪርስ ድረስ ብቻ ይበጥብጡት። ጥቂት ጓል ቢቀር ግድ የለም፤ አብዝተው ከመቱት በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ይጠነክርና ሊጡ እንደ ጎማ ይሆናል።

ሊጡን በቀለጠው ቅቤ ላይ ያፍስሱት። ከ400 እስከ 500 ግራም የተከተፈ ፍራፍሬ በሊጡ ላይ ይበትኑ። አሁን ዋናው ነገር አለማማሰል ነው። ቅቤው ከሥር፣ ሊጡ ከመሀል፣ ፍራፍሬው ከላይ ሆኖ ሲታይ የተሳሳቱ ይመስልዎታል፤ ማንኪያ ለማንሣትም እጅዎን ይበላዎታል። ይተዉት። ቤኪንግ ፓውደሩ በሙቀት ጋዝ ሲፈጥር ሊጡ እየተነፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍራፍሬውም ወደ ታች እየሰመጠ በሊጡ ይዋጣል፤ ቅቤው ደግሞ በጠርዙ በኩል ወጥቶ ዳር ዳሩን ጠብሶ ያደርቀዋል። ካማሰሉት ግን ቅቤው ከሊጡ ጋር ተቀላቅሎ ያ የደረቀ ጠርዝ ይቀራል፤ ለእኔ የዚህ ዓይነቱ ኮብለር ምርጡ ክፍል እሱ ነው። ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል።

ቤኪንግ ፓውደርዎ ከቆየ አስቀድመው ይፈትኑት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በትኩስ ውሃ ላይ ሲጥሉት ወዲያው ካልፈላ ኃይሉን ጨርሷልና ሊጡን አያነሣውም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የመስታወት መጋገሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ሁሉንም አሰናድቼ በማቀዝቀዣ ያሳደርኩትን የመስታወት ዕቃ በጋለ ኦቨን ውስጥ በቀጥታ ብከተው ከመሀል ለሁለት ተሰንጥቆ ፍራፍሬው በሙሉ በኦቨኑ ወለል ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ በመስታወት የምጋግር ከሆነ ዕቃውም ፍራፍሬውም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ትኩስ ኮክ በማላገኝበት ወቅት በረዶ የሆነ፣ የታሸገ ወይም ሌላ ፍራፍሬ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በረዶ የሆነውን ሳያቀልጡ በስታርች ለውሰው ይጠቀሙበት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ይስጡት፣ በመስታወት ዕቃ ግን አይሞክሩት። በጣሳ የታሸገውን ከሽሮፑ በደንብ ያጥልሉና ስኳሩን በግማሽ ይቀንሱ፤ ቀድሞውኑ የጣፈጠ ነው። እንጆሪ ብዙ ውሃ ስለሚለቅ ስታርቹን በርከት ማድረግ ያሻል። ፖም ተቃራኒ ነው፦ ከሊጡ ዘግይቶ ስለሚበስል በስሱ ከትፈው በጥቂት ቅቤና ቀረፋ ለ8 ደቂቃ ያህል በመጥበሻ ካላለሰለሱት፣ ሊጡ ደርሶ እሱ በጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። በጣም የበሰለ ማንጎ ሲጋገር ቅርጹን ስለማይጠብቅ ጠንከር ያለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም። በድስት ብቻ ኮብለር መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ላዩ ግን አይቀላም። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ፣ በምድጃ ላይ በድስት የሚሠራው የኮብለር ዘመድ ግራንት ወይም ስላምፕ የሚል የራሱ ስም አለው፤ ስለዚህ የሚሠሩት ራሱን የቻለ ምግብ ነው፣ የኦቨኑ ምትክ ብቻ አይደለም።

ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት ይምረጡ። 700 ግራም ፍራፍሬ ከ80 ግራም ስኳርና ከሩብ ኩባያ ውሃ ጋር ለ10 ደቂቃ ያህል በመካከለኛ እሳት ያፍሉ። እስከዚያው 150 ግራም ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው አዋህደው፣ በ60 ግራም የቀለጠ ቅቤና በ120 ሚሊ ሊትር ወተት ለስለስ ያለ ሊጥ ያድርጉት። በሚንተከተከው ፍራፍሬ ላይ በማንኪያ እየቆነጠሩ ያስቀምጡ፣ እሳቱን ይቀንሱ፣ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይክደኑት። ጨርቁ በክዳኑ ላይ የሚጠራቀመውን እንፋሎት ስለሚመጥ ጠብታው ተመልሶ ሊጡን አያረጥበውም፤ ጫፎቹን ግን እሳት እንዳይነካቸው ወደ ላይ ሰብስበው ይቋጥሯቸው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ክዳኑን አይክፈቱ፤ በከፈቱት ቁጥር ሊጡን የሚያበስለው እንፋሎት ያመልጣል።

ጥያቄ፦ የተረፈው ኮብለር በማግስቱ ላዩ ርሶ ይለሰልሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትኩስ ሳለ አይክደኑት። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ሸፍነው በማቀዝቀዣ ካስቀመጡት ሦስት ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት ማይክሮዌቭ እርጥበቱን ወደ ላይኛው ገጽ ስለሚያመጣው ይበልጥ ያለሰልሰዋል። ክዳኑን አንሥተው በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ኦቨን ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ሥሩ ሲሞቅ ላዩ ተመልሶ ይደርቃል። ከሊጡ ሥር የገባው ጭማቂ ግን አይመለስም፤ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ከሆነ በዕለቱ ይጋግሩት።