«ከሐበሻው ተለይተሽ የት ትሄጃለሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሕዝብ ጤና ተመርቀሻል፣ ስፓኒሽ ትችያለሽ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር) ያለ ክሊኒክ ሊቀጥርሽ ነው። እናትሽ ደግሞ «ላቲኖ እንደሆነ እዚህ ሲያትልም ሞልቷል፤ ከሐበሻው ተለይተሽ የት ትሄጃለሽ?» ብለውሻል።

እናትሽ በቁጥሩ አልተሳሳቱም። በ2020 ቆጠራ፣ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ የተቆጠሩት ላቲኖዎች (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ሰዎች) ከያኪማዎቹ በብዙ ይበልጣሉ። ግን ኪንግ ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ ናቸው፤ ያኪማ ውስጥ ግማሹ። ፍራንክሊንና አዳምስ ካውንቲዎች ላይማ ከግማሽም አልፈዋል።

ለሥራሽ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። አንድ አሥረኛ በሆኑበት ቦታ አስተርጉሚ ተብለሽ ጥግ ላይ ትቀመጫለሽ። ግማሽ በሆኑበት ግን ክትባቱም፣ የስኳር ክትትሉም፣ የእርጉዞች ትምህርቱም ከመጀመሪያው በሁለት ቋንቋ ነው የሚታቀደው። አንቺ ዕቅዱ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ ትገቢያለሽ።

ሰዎቹ እንዴት እዚያ እንደደረሱም እወቂ። ከ1942 እስከ 1964 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ተዋውላ የእርሻ ሠራተኛ ታስመጣ ነበር። ሌሎች ከቴክሳስ መጡ። ፖም ለቀማው፣ ሆፕሱ (የቢራ ጌሾ በይው) እጅ ይፈልግ ነበር። ለወቅቱ የመጣው ቀረ፣ ልጅ ወለደ። ዛሬም ፖም በሚለቀምበት ወቅት ቀን ቤታቸው ብትሄጂ ሰው አታገኚም። መረጃ የምትሰበስቢው ማታ ነው።

ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት የያኪማ ከተማ የምርጫ አሠራር የላቲኖዎችን ድምፅ ያዳክማል ብሎ ፈረደ። ለክሱ የቆጠራ ቁጥርና ካርታ ትልቅ ማስረጃ ነበሩ። በ2015 ሦስት ላቲና ሴቶች ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «የቤቱን ብድር ማን ያግዘናል ይሉኛል» ያልሽው መጨረሻ ላይ፣ በአንድ መስመር ነው። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ይመስለኛል፤ ሐበሻው ሰበብ ነው። ወላጅ መርዳት ተገቢ ነው። ሙያሽን ለብድር ማስያዝ ግን ተገቢ አይደለም። ያኪማ ኪራይ ከሲያትል ይረክሳል። በወር ይህን ያህል እልካለሁ ብለሽ ቁጥሩን ቁረጪና ንገሪያቸው። መንገዱ እንደሆነ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ለበዓል ትመጫለሽ።

እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት ሐበሻ በሌለበት ትንሽ ከተማ ነበር። እሑድ እሑድ ይከብደኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ሙሉ ፕሮግራም በእጄ ሰጡኝ።

ስለ ስፓኒሽ አነጋገርሽ አትጨነቂ፣ ይግባቡሻል። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ይደርሳል።

እስከ ዓርብ መልሺ ብለውሻል አይደል? ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ለስፓኒሹ ተጨማሪ ክፍያ አለው ወይ? አለው ካሉ በጽሑፍ ይስጡሽ።