«አውሮፕላን ሊመታ ነው» የሚል ወሬ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ለዑምራ ከኮምቦልቻ ተነስተው በአዲስ አበባ በኩል ጅዳ ይሄዳሉ። ሰሞኑን በቴሌግራም «በዚህ ወር አውሮፕላን ይመታል፤ ዘመድ ያለው ያስቀር» የሚል ድምፅ እየዞረ እንቅልፍ አሳጥቶናል። ጉዞውን እንሰርዘው? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ በዚህ ድምፅ የተነሳ አይሰርዙት። የአቪዬሽን ደኅንነት ባለሙያ ወሬው ምን ያህል ያስፈራል ብሎ አይጀምርም። ሊያደርገው የሚፈልግ አለ ወይ? አቅሙስ አለው? የሚገባበት ቀዳዳ አለ? ብሎ ነው የሚጠይቀው። እናንተ ጋ የደረሰው ድምፅ በረራ አይጠራም፣ ቀን አይቆርጥም፣ ተናጋሪውም አይታወቅም። እንዲህ ያለው በብዙ አገር «አረንጓዴ» ተብሎ ይመደባል፤ በረራም አያስቆምም። የበረራ ቁጥርና ሰዓት የጠራ፣ የውስጥ አዋቂ ብቻ የሚያውቀውን ነገር የያዘ ማስፈራሪያ ግን «ቀይ» ነው። እንዲህ ያለ ከደረሳችሁ ለማንም ሳታስተላልፉ፣ መልእክቱንም ሳታጠፉት ለፖሊስ አሳዩ።

ዛቻውና አደጋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ይዘናል፣ አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው ነበር፤ ኋላ ሲታይ የመጠጥ ጠርሙስ ነው። ሰው የገደለው «ቦምቡ» ሳይሆን ለናይሮቢ መንገድ የተቀዳው ነዳጅ አውስትራሊያ እንደማያደርስ አብራሪው ልዑል አባተ ቢነግራቸው አለማመናቸው ነው። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175ቱ 125ቱ አለቁ። ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው። ለእናትዎ ይህን ይንገሯቸው፦ ጃኬቱ አውሮፕላን ውስጥ ሳሉ ይለበሳል፣ የሚነፋው ግን ከበሩ ሲወጡ ነው።

እኛን ከቴሌግራሙ ድምፅ ይልቅ የሚያሳስበን የውስጥ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞቃዲሾ በተነሳ አውሮፕላን ላይ የፈነዳው ላፕቶፕ ለተሳፋሪው የተሰጠው ፍተሻውን ካለፈ በኋላ፣ በራሳቸው በኤርፖርቱ ሠራተኞች እጅ ነው። አውሮፕላኑ ገና ከፍታውን ስላልጨረሰ ተመልሶ አረፈ፤ የሞተው አጥፊው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማሬንና ፓወር ባንኬን ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ። ማር ምን ያፈነዳል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ማር፣ ቅቤና አዋዜ በፍተሻ ሕግ ከፈሳሽ ይቆጠራሉ። የ100 ሚሊሊትር ገደብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ በመጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ሊያስገቡ ያሰቡ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። የሚታየው የዕቃው መጠን ነው፤ የ250 ሚሊሊትር ብልቃጥ ግማሽ ቢሆንም አያልፍም። ማሩን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት፤ ከአፉ ሁለት ጣት ያጉድሉና በሁለት ላስቲክ ይጠቅልሉት፣ አለዚያ ከፍታ ላይ ይገነፍላል።

ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒ ነው፤ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ሊቲየም ባትሪ ተሳፋሪ መሐል ቢቃጠል አስተናጋጆች ያጠፉታል፤ ዕቃ ክፍል ውስጥ የሚደርስለት የለም። ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ሚሊአምፒር-ሰዓት በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፦ 20,000 የሚለው 74 ይሆናል፣ ያልፋል፤ 30,000 የሚለው 111 ስለሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፈታሹ የሚያሰላበት የለውም፤ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ተሳፋሪ ቀረ ተብሎ ሻንጣው እስኪወርድ ጠበቅን። ይህ ሁሉ ምን አስፈለገ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 በስኮትላንዷ ሎከርቢ ሰማይ ላይ አውሮፕላን አፈንድቶ 270 ሰው የጨረሰው ፈንጂ የተጫነው ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ነው። ሻንጣ ያለ ባለቤቱ አይበርም። የአደራ ዕቃም እንደዚሁ ነው፦ «ለልጄ ጅዳ አድርሽልኝ» ተብሎ የተሰፋ ጥቅል ከመጣ፣ ላኪዋ ጎረቤት ብትሆንም ፊቷ ፍቱትና ራሳችሁ መልሳችሁ እሰሩት። አይፈታም ካለች አትቀበሉ።